ብረት ለምታነሱ ልጆቼ

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ከ30 ዓመት በላይ አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ስፖርት ሳሠራ ኖሬያለሁ። አሁን አሁን ወጣቶች ስልካቸውን ይዘው ይመጡና «ጋሼ፣ ይሄን ፕሮግራም ልጀምረው?» ይሉኛል። አየዋለሁ፤ የዓለም ሻምፒዮን የሚሠራው ነው። እሱ ግን እዚያ ለመድረስ የለፋቸውን ዓመታት እናንተ ገና አልለፋችሁም። ስለዚህ መልሼ እጠይቃለሁ፤ «ባለፈው ሳምንት ስኳት (ባር ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለት) ስንት ኪሎ፣ ስንት ዙር፣ በየዙሩ ስንት ጊዜ ሠራህ?» አብዛኞቹ አያስታውሱም። ታዲያ የሚቀጥለውን ሳምንት ከምን ተነስተን እናውጣው? መጀመሪያ ደብተር ግዙ።

አንዲት ተማሪዬ ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ባሩን ከደረት ወደ ላይ መግፋት) 30 ኪሎ ላይ ወራት ቆመችብኝ። ምግቧን ጠየቅኩ፣ እንቅልፏን ጠየቅኩ፤ ደህና ነው። አንድ ማታ ደብተሯን ሳገላብጥ ነገሩ ገባኝ። ባሩ፣ ማለትም ዲስኮቹ የሚገቡበት ዘንግ፣ 20 ኪሎ ነው፤ ጂሙ ውስጥ ያለው ትንሹ ዲስክ 5 ኪሎ። ዲስክ ደግሞ ግራና ቀኝ ጥንድ ሆኖ ነው የሚገባው። ስለዚህ ከ30 ቀጥሎ ያለው 40 ነው! የምታነሳውን ሲሶ ባንዴ ጨምሪ እያልኳት ነበር። በማግስቱ መርካቶ ቶርኖ ቤት ሄጄ ከቁርጥራጭ ብረት 1.25 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ዲስኮች አስቆረጥኩ። በ2.5 ኪሎ እየጨመረች በአራተኛው ወር 40ን አምስት ጊዜ አነሳች። ልጅቷ ሰነፍ አልነበረችም፤ ያወጣሁላት ፕሮግራም ነበር ስህተቱ።

ለጀማሪ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃዋል። ስኳት ወይም ዴድሊፍት (ባሩን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም)፣ ቤንች ፕሬስ፣ አንድ የጀርባ ሥራ። ሦስት ዙር፣ በየዙሩ አምስት ጊዜ፤ ክብደቱ ዙሩ ሲያልቅ «ሁለት ጊዜ ልጨምር እችል ነበር» የሚያሰኝ ይሁን። በየዙሩ መሃል ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ዕረፉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚመጣው ጉልበት አብዛኛው ነርቭ ጡንቻን ማዘዝ ስለሚማር ነው፤ መስተዋቱ ባያሳያችሁም ደብተሩ ያሳያችኋል። በአንድ ክብደት ሁለት ቀን ተከታትሎ ካቃታችሁ 10 በመቶ ቀንሳችሁ እንደገና እየጨመራችሁ ውጡ። ያም ካልሠራ በየልምምዱ መጨመሩን ትታችሁ ጭማሪውን በሳምንት አንዴ አድርጉት፤ አንዱን ቀን ከባድ፣ አንዱን ቀላል፣ አንዱን መካከለኛ።

ከውጭ የምትቀዱት ፕሮግራም አብዛኛው ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ይላል። እኛ ዘንድ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ያልቀመሰ ልጅ ከባድ ስኳት ተሸክሞ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። የምትጾሙ ከሆነ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ አድርጉት። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናትም ሆነ በረመዳን ክብደቱን ሳትነኩ ዙሩን ወደ ሁለት፣ ሲብስም ወደ አንድ አውርዱ። ያለን ጉልበት ማቆየት አዲስ ከመገንባት በጣም ያነሰ ሥራ ነው የሚጠይቀው። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ባቄላውን ግን አትቀንሱ።

አሁን ስለ ከፍተኛ ክብደት። በወጣትነቴ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የመጨረሻ አቅሜን እሞክር ነበር። አንድ ቅዳሜ ዴድሊፍት ላይ ጀርባዬ ጎበጠ፤ ባሩን ግን አለቅም አልኩ። ሦስት ወር ጫማዬን ያሰረልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ዛሬም ብርድ ሲሆን ወገቤን ይሰማኛል። እባካችሁ፣ ይህን በእኔ ተማሩት። አምስት ጊዜ በደንብ የምታነሱት ክብደት አንድ ጊዜ ብቻ ልታነሱት ከምትችሉት ከፍተኛ ክብደት 85 በመቶ ገደማ ነው፤ አቅማችሁን ከዚያ አስሉት። የፓወርሊፍቲንግ ውድድር ላይ በስኳት፣ በቤንች ፕሬስና በዴድሊፍት ሦስት ሦስት ሙከራ አላችሁ፤ በአንዱ ሦስቱንም ያበላሸ ድምር ውጤት የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራ በልምምድ ሦስት ጊዜ የምታነሱት ይሁን፤ ከውድድሩ በፊት ባለው የመጨረሻ ሳምንትም ዙሩን በግማሽ ቀንሱ።

ሁለቱ የቶርኖ ዲስኮች አሁንም እኔ ዘንድ ናቸው። የፈለገ ደብተሩን ይዞ ይምጣና ይውሰዳቸው፤ አንድ ሌላ ጥንድ አስቆርጦ ለጂሙ እስኪያስቀምጥ ድረስ።