ጥያቄና መልስ፦ ከአስፈሪዎቹ ታሪኮች የቱ?

ባለፈው ሳምንት ኸርበርት ዋይዝና ፊሊስ ፍሬዘር እ.ኤ.አ. በ1944 ስላሳተሙት ትልቅ የአስፈሪ ታሪኮች መድበል ጽፌ ነበር። ከሺህ ገጽ በላይ ነው። ጥያቄውም እንደ መጽሐፉ ብዙ ሆነ።

*በቅደም ተከተል ማንበብ ግዴታ ነው?*

አይደለም።

*አንዲት እናት የመናፍስት ታሪክ ማንበብ ኃጢአት ይሆን ወይ ይላሉ።*

ይሄን ለንስሐ አባትዎ ያቅርቡት።

*ከአሜሪካዊው ደራሲ ከኤድጋር አላን ፖ ሁለት ታሪኮች ገብተዋል፤ የቱ ይቅደም?*

«ጥቁሩ ድመት»። ሌላው፣ ሊሞት ሲል በሂፕኖሲስ ስለተያዘ ሰው የሚተርከው «ቫልደማር»፣ በ1845 ሲወጣ እውነተኛ የሕክምና ዘገባ ነው ብለው ያመኑ ነበሩ። ለዚያ ብቻም ቢሆን መነበብ አለበት፤ ግን ይቆይ።

*አንድ ብቻ ምረጥ ብትባልስ?*

የእንግሊዛዊውን ደራሲ የደብሊው ደብሊው ጄከብስን «የጦጣ መዳፍ» (1902) እመርጣለሁ፤ ሳላቅማማ። ሦስት ምኞት የምትፈጽም የደረቀች መዳፍ እጃቸው የገባች ባልና ሚስት አሉ። አባትየው 200 ፓውንድ ተመኘ። በማግስቱ ልጃቸውን የፋብሪካ ማሽን ገደለው። ድርጅቱ «ኃላፊነት የለብኝም» ብሎ የሰጣቸው ገንዘብ ልክ 200 ፓውንድ ነው።

ከቀብሩ በኋላ እናት «ልጄ ይመለስ» ብላ ባሏን አስመኘችው። ሌሊት በሩ ተንኳኳ። የላይኛው መወርወሪያ አልደረስልሽ ቢላት ወንበር ጎትታ ወጣች። አባት ደግሞ በጨለማ ወለሉን እየዳሰሰ የጦጣዋን መዳፍ ይፈልጋል። የልጁን ሬሳ የለየው በልብሱ ብቻ ነበር፤ ይሄን እሷ አላየችም። መወርወሪያው ሲከፈት እሱም መዳፏን አገኘ፤ የመጨረሻ ምኞቱን ተመኘ። ማንኳኳቱ ቆመ። ደጁ ባዶ ነው።

ጄከብስ በር ላይ የቆመውን አላሳየንም። አንድ መስመር እንኳ አልጻፈለትም። የሚያስፈራው የገዛ ልጅን መፍራት ነውና ሌላ ምንም አያስፈልገውም። እናትም አባትም ልክ ናቸው። ወጣት ጸሐፊዎች የምትልኩልኝ ሆረር ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ደም በደም ነው። ደም ያስጠላል እንጂ አያስፈራም። እባካችሁ መጀመሪያ የምንወደው ሰው ስጡን፤ ከዚያ በሩን ዝጉት።

*ወንድሟን በቅርቡ የቀበረች አንባቢ ይህንኑ ታሪክ ካነበበች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ሌሊት በር የተንኳኳ ይመስላታል። «ቀለል ያለ ታሪክ ጠቁመኝ» ትላለች።*

እህቴ፣ አልጠቁምሽም። መጽሐፉን ለጊዜው አስቀምጪውና ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያለበት ሆስፒታል ቢሆን ይመረጣል። «ያልፋል» ብለሽ አትተዪው፤ በዚህ ሳምንት ሂጂ። እስከዚያ ከቤተሰብ አንድ ሰው አብሮሽ ይደር። ሐኪሙንም እንቅልፍ አጣሁ ብቻ አትበይው፤ የበሩን ነገር ሳትደብቂ ንገሪው።