መጀመሪያ የሚከፍለው ማነው?

ውድ ልጆቼ፣

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የልማት ፕሮጀክቶችን አዋጭነት በማጥናት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ብዙ ወጣት ኢኮኖሚስቶች አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። "በአየር ንብረት ጉዳይ መሥራት እንፈልጋለን፤ ከየት እንጀምር?" ይሉኛል። ጥያቄው ያስደስተኛል። መልሴም አጭር ነው፤ ከብድር ወለድ ጀምሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የናፍጣ ጄኔሬተር መግዣው ያን ያህል አይከብድም፤ ነዳጁን ግን ዕድሜ ልክ ትገዛላችሁ። ነፋስና ፀሐይ ነዳጅ አይገዛላቸውም። ወጪያቸው ከሞላ ጎደል መጀመሪያ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ገንዘቡ በስንት ወለድ እንደተገኘ ሁሉን ነገር ይወስናል። እስቲ በወረቀት ሞክሩት። 1 ሚሊዮን ብር ተበድራችሁ በ20 ዓመት፣ በየዓመቱ እኩል እየከፈላችሁ ትመልሳላችሁ እንበል። ወለዱ 3 በመቶ ከሆነ የዓመቱ ክፍያ 67 ሺህ ብር ገደማ ነው። 15 በመቶ ከሆነ ግን ወደ 160 ሺህ ብር ይጠጋል። ነፋሱ ያው ነው፣ ተርባይኑም ያው ነው። የሚመነጨው ኤሌክትሪክ ዋጋ ግን ከእጥፍ በላይ ይሆናል። በድሃ አገር ንጹሕ ኃይል የሚወደደው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ የምንዛሪው ጣጣ አለ። መቀሌ አጠገብ ያለው 120 ሜጋ ዋት የአሸጎዳ ነፋስ ኃይል የተሠራው በፈረንሳይ ብድር ነው፤ የአዳማዎቹ ደግሞ በቻይና ብድር። የመብራት ሂሳብ የሚሰበሰበው ግን በብር ነው። ሐምሌ 2016 የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ሲባል፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። በውጭ ምንዛሪ ዕዳ ያለበት ፕሮጀክት ሁሉ ምንም ሳያጠፋ ዕዳው በብር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የአዋጭነት ጥናት ስትሠሩ ይህን በአንድ መስመር አትለፉት።

የሕዳሴውን ግድብም በዚሁ ዓይን እዩት። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል ዓለም አቀፍ አበዳሪዎች ፊታቸውን አዙረው ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ ቦንድ ገዛ። ሠራተኛው ከደሞዙ አዋጣ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት በአብዛኛው የተከፈለው ከዚሁ አገር በተገኘ ገንዘብ ነው፤ ትልቁን ድርሻ መንግሥትና የመንግሥት ባንክ ሸፈኑ፣ ሕዝቡም የራሱን አዋጣ። ይህንን ስናገር አሁንም ልቤ ይሞቃል።

ግን ትልልቁን ፕሮጀክት ብቻ እያያችሁ እንዳትቀሩ። በ2004 ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የአገሪቱን ዓመታዊ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ብሎ ነበር የገመተው። ወደ ግማሽ የሚጠጋው ከእርሻና ከከብት ነው። ከሦስት እጅ አንዱ በላይ ከደን ጭፍጨፋና ከማገዶ ነው። ኤሌክትሪክ ማመንጨት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ይዞ ነበር። ስለዚህ የእኛ አገር ትልቁ ሥራ ያለው ማድ ቤትና ማሳ ውስጥ ነው።

ገጠር ወጥታችሁ በሦስት ጉልቻ እንጀራ ሲጋገር ተመልከቱ። ሙቀቱ በየጎኑ ያመልጣል። "ምርጥ" የሚባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ስለሚከልል ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። የተራቀቀ ነገር የለውም፤ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ ነው። ታዲያ ለምን በየቤቱ አልገባም? ማገዶ የምትለቅመው እናት ወይም ልጅ ናት። ጊዜዋን በብር የሚተምነው የለም። ምድጃው ግን ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል። በጥሬ ገንዘቡ የሚያዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ አባወራው ነው፤ ጭሱ የሚገባው ግን እሷ ዓይን ውስጥ ነው። ወቅቱም ራሱን የቻለ ነገር ነው። በጥር፣ እህሉ ከገባ በኋላ ምድጃ መግዛት የሚችል ገበሬ በነሐሴ አይችልም። እንዲህ እየሆነ፣ ትርፉ ግልጽ የሆነ ነገር ሳይገዛ ይቀራል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚህ ያንገበገበኝ ነገር የለም።

ስለዚህ የልጅቷን ሰዓት ቁጠሩ። ከትምህርት የቀረችበትን ቀን ቁጠሩ። "መረጃ የለም" ብላችሁ ዜሮ አትጻፉ። ዜሮም ግምት ነው፤ ያውም የተሳሳተ ግምት።

ወላይታ ውስጥ ሁምቦ የሚባል ወረዳ አለ። ገበሬዎቹ በወርልድ ቪዥን እገዛ በማኅበር ተደራጅተው 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከለሉ። አብዛኛው ዛፍ አልተተከለም። አፈር ውስጥ በሕይወት የነበረው ጉቶና ሥር እንዲያቆጠቁጥ ተደረገ፤ ቅርንጫፉ ተመለመለ። ወጪው የቀነሰው በዚህ ነው። የዓለም ባንክ ፈንድም ደኑ ከአየር ከሚስበው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 165 ሺህ ቶን ለመግዛት ተዋዋለ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ሄዳችሁ ብታዩት ደስ ይለኛል። ግን ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ገበሬው ግጦሹን የለቀቀው በመጀመሪያው ቀን ነው። የካርቦኑ ገንዘብ የመጣው ደኑ አድጎ ከተለካ በኋላ ነው። በመሀል ያለውን ጊዜ ከብቶቹን በምን ያሳልፍ? በካርቦን ገበያ ላይ የምትሠሩ ልጆች፣ ይህን ክፍተት የሚሸፍን ብድር ወይም ቅድሚያ ክፍያ ውሉ ውስጥ ካላስገባችሁ፣ ቀሪው ሰነድ ምንም ቢያምር ዋጋ የለውም።

በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለከል ዋናው ምክንያት ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነበር። ይህን አትናቁት። ብዙ ጥሩ የአየር ንብረት ውሳኔ በገንዘብ ሚኒስቴር በር ነው የሚገባው።

እ.ኤ.አ. በ2027 የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን ላይ ሀብታም አገሮች እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እናደርሳለን ብለው ነበር። የደረሱበት በ2022 ነው፤ ከዚያም ውስጥ ብዙው ብድር ነበር። አዳራሹ ውስጥ ስለ ቢሊዮኖች ብዙ ይነገራል። እናንተ ግን ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሦስት ጥያቄ አዘጋጁ። በስንት ወለድ? በየትኛው ገንዘብ? ብር ቢወርድ ኪሳራውን የሚሸከመው ማነው? መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከአሁኑም የአሸጎዳንና የአዳማን ሂሳብ ሠርታችሁ ይዛችሁ ግቡ።