ዊንዶውስ ስትጭን ዲስኩ ካልታየህ መጀመሪያ ባዮሱን እይ
ወንድሜ አዲሱ ላፕቶፔ ላይ ዊንዶውስ 11 ስጭን ኤስኤስዲው (ዲስኩ) አይታይም ተበላሽቶ ይሆን ወይ ላልከው፣ አይ አትደንግጥ። 11ኛ ጄኔሬሽንና ከዛ በላይ ኢንቴል ያላቸው ብዙ ላፕቶፖች ባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚገባበት ማስተካከያ) ውስጥ ቪኤምዲ የሚባል ዲስኩን የሚቆጣጠር የኢንቴል ነገር ኦን ሆኖ ይመጣል፣ የዊንዶውሱ ፍላሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ድራይቨሩ (ዊንዶውስ ከዕቃው ጋር የሚግባባበት ሶፍትዌር) ስለሌለው ዲስኩን ጭራሽ አያየውም። ሲነሳ ኤፍ2 ወይ ዲሊት ነካ ነካ እያረክ ባዮስ ግባና ቪኤምዲውን ኦፍ አድርገህ ሴቭ በለው፣ በቃ ይታይሃል። ባዮሱን መንካት ከፈራህ ወይ ምርጫው ከሌለ ከላፕቶፑ አምራች ሳይት በሞዴል ቁጥሩ የአይአርኤስቲ ድራይቨር (የኢንቴል የዲስክ ድራይቨር ነው) አውርድ፣ የታሸገውን ፋይል ፈተህ ፍላሹ ላይ አድርገውና ዲስክ ምረጥ የሚልህ ጋ ሎድ ድራይቨር በል፣ ሳይፈታ ኢኤክስኢውን ብቻ ከገለበጥከው ግን አያገኘውም።

ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ግን ቪኤምዲውን እንዳትነካው፣ እኔ አንዴ ነክቼው ሰማያዊ ስክሪን አፍጥጦብኝ ላብ በላብ ሆኜ ነበር፣ መልሼ ኦን ሳረገው ተነሳ።

ዋይፋይ ድራይቨር ስለሌለው ጭነቱ ኢንተርኔት አገናኝ የሚለው ጋ ቆሞ አላልፍ ካለህ ስልክህን በዩኤስቢ ሰክተህ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ ማካፈያ) አብራለት፣ የቀረውን አብዛኛውን ዊንዶውስ አፕዴት ራሱ ያወርደዋል። እነዛን ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ እንጭናለን የሚሉ ሶፍትዌሮች ግን ተዋቸው፣ ቆሻሻ ነው ይዘው የሚመጡት።