«ያስፈራል ወይ?» ላለችኝ ተማሪ

ልጆቼ፣

በቀደም ባሕር ዳር ማሪን ኢንጂነሪንግ ለሚማሩ ልጆች ስለ ሥራዬ እንዳወራ ተጠርቼ ነበር። አንዲት የደጀን ልጅ እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ ባሕር ላይ ማዕበል ሲነሣ ያስፈራል ወይ?» አለችኝ። ስለ ማረጋጊያ ክንፎች አወራሁላት፤ ከመርከቡ ግራና ቀኝ ውኃ ውስጥ ተዘርግተው መንገዳገዱን ይቀንሳሉ አልኳት። እውነት ነው። የጠየቀችኝን ግን አልመለስኩላትም። ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እኔ እዚያው ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተምሬ፣ ከአሰብ ይነሡ በነበሩት የአገራችን መርከቦች ላይ ሥራ ጀምሬ፣ ኋላ በውጭ አገር የመዝናኛ መርከብ ላይ በመሐንዲስነት ያረጀሁ ሰው ነኝ። ስለ ኮንትራትና ስለ እንግሊዝኛ አልመክራችሁም፤ እሱን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ልጆች የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «በወር ስንት ዶላር?» መሆኑ ግን አይጥመኝም። ለነገሩ እኔንም ከአገሬ ያስወጣኝ ዶላሩ ነው።

ኅዳር ነበር። ከእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ተነሥተን ወደ ካናሪ ደሴቶች ስንወርድ በፈረንሳይና በስፔን መካከል ባለው የቢስኬ ባሕረ ሰላጤ ላይ ማዕበል ያዘን። እዚያ የአትላንቲክ ጥልቅ ወለል በድንገት ሽቅብ ይወጣል፤ ከሩቅ የመጣው ሞገድ ያን ሲያገኝ ቀጥ ብሎ ይነሣል፣ ይገዝፋል። ከላይ ተጓዦቹ ዘንድ የመዋኛ ገንዳው ውኃ ተለቀቀ፣ የውጪ በሮች ተዘጉ፣ በየደረጃው መደገፊያ የማስመለሻ ከረጢት ተሰካ፣ አስተናጋጆች አረንጓዴ ፖም ይዘው ዞሩ። ፖሙን ሳይ እናቴ ትዝ አለችኝ። የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ ስንወርድ ሎሚ በእጄ አስይዛ «አሽትት፣ ወደ ገደሉ አትይ» ትለኝ ነበር። አንቺ የደጀን ልጅ፣ እስከ ጎሐ ጽዮን ያ ጥምዝምዝ መንገድ የስንቱን ሆድ እንዳገላበጠ ታውቂያለሽ። ሎሚው ይሠራል፤ ባሕር ላይም ሞክሬዋለሁ።

ተራዬ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ነበር። አብሮኝ የነበረው ኦይለር፣ ማለትም የሞተር ክፍል ረዳት፣ ሁለተኛ ወሩን የያዘ የፊሊፒንስ ልጅ ነው። ባልዲ አቅፎ ያስመልሳል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ለመርከቡ መብራትም ለጉዞውም ኃይል ከሚሰጡት አራት ጄኔሬተሮች ሦስቱ ይሠራሉ። የእያንዳንዳቸውን ዘይት በመለኪያ ዘንግ ለክቶ ማስመዝገብ የእሱ ሥራ ነው። «ተቀመጥ፣ እኔ እለካዋለሁ» አልኩት። ከልቤ አዝኜለት ነው።

አልለካሁም። መርከቡ ሲወዛወዝ ዘይቱም አብሮ ስለሚዋልል ዘንጉ ትክክሉን አያሳይም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። መዝገቡን ገልጬ ከላይ ያለውን ቁጥር ወደ ታች ገለበጥኩት። «የለካው» በሚለው ቦታ፣ እንደ ወትሮው፣ የልጁን የስም መነሻ ፊደላት ጻፍኩ። እስክሪብቶው በክር ታስሮ ከጠረጴዛው ጫፍ ይወዛወዝ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አምልጦኝ በሦስተኛው ያዝኩት። ያ እስክሪብቶ እስካሁን ከዓይኔ አይጠፋም።

አምስት ሰዓት ገደማ የዘይት ግፊት ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ዘይቱ ሲያንስ መርከቡ በተዘነበለ ቁጥር ወደ አንድ ጥግ ይሸሻል፤ ፓምፑ በዘይቱ ፋንታ አየር ይስባል፤ ግፊቱ ይወርዳል፤ ሞተሩ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። አንዱ ጠፋ። ሸክሙ በቀሩት ሁለት ላይ ወደቀና እነሱም ተከተሉ። ጨለማ ሆነ። የመርከብ ሞተር ክፍል ጸጥ ሲል ሰምታችሁ አታውቁም። ከላይ የሚደቅቅ ሳህንና የሰው ጩኸት ይሰማል። ክንፎቹ የሚጠቅሙት መርከቡ ሲጓዝ ነው፤ ስንቆም ጎናችንን ለሞገዱ ሰጠን። የድንገተኛው ጄኔሬተር በ45 ሰከንድ ውስጥ ኃይል መስጠት አለበት ይላል ሕጉ፤ እንዳለውም ሰጠ። መብራቱ ሲመጣ ልጁን አየሁት፦ ባልዲውን ጥሎ፣ የዘይት ጀሪካን እየጎተተ፣ በጉልበቱ እየዳኸ ወደ ሞተሩ ይሄዳል።

ዘይት ጨምረን አስነሣነው። ሰው አልሞተም። አንዲት አሮጊት ተጓዥ ክንዷ ተሰበረ።

ጠዋት ቺፍ ኢንጂነሩ መዝገቡን ገልጦ «ማነው የለካው?» አለ። ዝም አልኩ። ልጁ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ወለሉን አየ። እሱም ዝም አለ።

መጋቢት 14 ቀን 2011 ዓ.ም. ቫይኪንግ ስካይ የተባለው የመዝናኛ መርከብ በኖርዌይ ዳርቻ፣ ሁስታድቪካ ላይ፣ 1,373 ሰው እንደያዘ በማዕበል መሀል ኃይሉ ሲጠፋ ቴሌቪዥን ላይ አየሁ። ሄሊኮፕተሮች 479 ሰው አወጡ። ኋላ የወጣው ምርመራ ሲሠሩ በነበሩት ጄኔሬተሮች ውስጥ ዘይቱ አንሶ ነበር አለ። ያን ሳነብ እጄ ስለተንቀጠቀጠ ባለቤቴ የቡና ስኒውን ተቀበለችኝ። ለእሷም ያን ዕለት ነው የነገርኳት።

ተማሪ ሳለሁ ጣና ዳር የማውቃቸው አንድ ባለታንኳ ነበሩ። ጣና ጥልቅ አይደለም፣ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ እንዲህ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሣ ሞገዱ አጭርና ቁጡ ነው፣ ታንኳ ይገለብጣል። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ደግሞ ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱን እስር በመዳፋቸው ሳይጫኑ አይቀዝፉም ነበር። «ትናንት ደኅና አልነበረም እንዴ?» ስላቸው «ትናንት ትናንት ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ሰምቼ ነበር።

የላብራቶሪ ሪፖርት ከጓደኛ ትገለብጣላችሁ አሉ። አልመክርም ብዬ ነበር፤ ይህን ግን ልለምናችሁ፦ ዛሬውኑ ተዉት። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ለእኔም መስሎኝ ነበር።

ለጠየቅሽኝ ደግሞ፣ አዎ ልጄ፣ ያስፈራል። በዚያ ጨለማ ውስጥ እናቴን ጠርቻለሁ። ማዕበሉ በማግስቱ በርዶ ሰዉ ፀሐይ ለመሞቅ ወጣ።

ካናሪ ደሴቶች፣ ላስ ፓልማስ ስንደርስ ልጁ ከሥራው ተሰናብቶ ሻንጣውን ይዞ ወረደ። መውረጃው ድልድይ ላይ እጄን ጨብጦ «ያን ማታ ተቀመጥ ስላልከኝ አመሰግናለሁ፣ ጌታዬ» አለኝ። ታክሲው ወደቡን ለቆ እስኪወጣ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ወርጄ የአራቱንም ዘይት ለካሁ።