ለዳሌ ሕመም፦ ኦስቲዮፓቲ ልማር ወይስ ፊዚካል ቴራፒ?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ከወሊድ በኋላ ያሠቃየሽን የዳሌ ሕመም አንዲት ዲ.ኦ. ሐኪም (ኦስቲዮፓቲ፣ ማለትም ጡንቻና መገጣጠሚያን በእጅ ማከምን የጨመረ ሕክምና የተማረች) በእጇ አክማ እንዳሻለችሽና አንቺም ያንኑ ሥራ መማር እንዳማረሽ ነግረሽኛል። ከአዲስ አበባ በባዮሎጂ ዲግሪ ይዘሽ መጥተሻል። አሁን በኢንተርኔት የሚሰጥ የስድስት ወር የኦስቲዮፓቲ ዲፕሎማ ልትመዘገቢ ነው።

ዲፕሎማውን ተዪው፤ አንድ ዶላር እንኳ እንዳትከፍዪበት። አሜሪካ ውስጥ ዲ.ኦ. ሙሉ ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ሕክምና ይሠራል። እንግሊዝ አገር ኦስቲዮፓት ሐኪም ሳይሆን በ1993 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የሚመዘገብ ሌላ ባለሙያ ነው። የዚያን አገር የአራት ዓመት ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው እንኳ እዚህ ዲ.ኦ. ሆኖ አይሠራም፤ የስድስት ወሩ ወረቀትማ ጭራሽ።

እውነተኛው መንገድ ኤምካት የሚባለው የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና፣ የአራት ዓመት ሕክምና ትምህርት፣ ከዚያም ሬዚደንሲ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የሚሰለጥኑበት ጊዜ ነው፤ ለቤተሰብ ሕክምና ሦስት፣ ለማህፀንና ጽንስ አራት ዓመት። ቨርጂኒያ ውስጥ ብላክስበርግና ሊንችበርግ ላይ የዲ.ኦ. ትምህርት ቤቶች አሉ። ሐኪም መሆን ከፈለግሽ ግቢበት። ግን አብዛኞቹ ዲ.ኦ.ዎች በእጅ ማከሙን ቢማሩትም ሥራ ላይ እምብዛም አይጠቀሙበትም፤ ያንቺ ሐኪም ከጥቂቶቹ ናት። ኦስቲዮፓቲ ለዳሌ ሕመም ያለውን ጥቅም የፈተሹት ጥናቶችም ትንንሽ ናቸው፤ አንቺን ስላሻለሽ ሁሉንም ያድናል አትበዪ።

ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነብ የፈለግሽው ሥራ ሌላ ስም ያለው መሰለኝ፦ የፔልቪክ ፍሎር (የዳሌ ወለል ጡንቻዎች) ፊዚካል ቴራፒስት። የፊዚካል ቴራፒ ዶክትሬት ዲግሪው፣ ዲ.ፒ.ቲ.፣ ሦስት ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ የፈቃድ ፈተና። ሬዚደንሲ ግዴታ አይደለም። የሚያስተምሩት ሃዋርድ፣ ጆርጅ ዋሽንግተንና አርሊንግተን ያለው ሜሪማውንት ዩኒቨርሲቲዎች ለቤትሽ ቅርብ ናቸው።

ሥራው ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። የመጀመሪያው ቀጠሮ ግማሹ ጥያቄ ነው፦ ሽንት በቀን ስንቴ፣ ግንኙነት ላይ ያማል ወይ፣ ወሊዱ እንዴት ነበር። ታካሚዋ ከፈቀደች በጓንት በአንድ ጣት የዳሌ ወለል ጡንቻዎችን ከውስጥ ቀስ እያልሽ ትፈትሺያለሽ፤ የቱ ጋ ተኮማትሯል፣ የቱ ሲነካ ያንኑ የምታውቀውን ሕመም ያስነሳል። ብዙዋ «ጡንቻሽ ደክሟል፣ ጨምቂ» ተብላ ትመጣለች። የተኮማተረን ጡንቻ መጭመቅ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የምታስተምሪያት መልቀቅና በሆድ መተንፈስ ነው። ደግሞም በእጅ የማይደረስበት መንስኤ አለ። በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ገደማ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት በሽታ) እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ ያለ ማህፀን ሐኪም ብቻሽን አትሠሪም።

አማርኛሽ እዚህ ላይ ትልቅ ሀብት ነው። የእኛ እናቶች እንዲህ ያለውን ሕመም «ወገቤን ነው» ይሉታል፤ አስተርጓሚው የገዛ ልጃቸው ከሆነማ ጨርሶ አይናገሩትም።

አሁን ትራንስክሪፕትሽን አስገምግሚ። ፊዚክስ፣ ስታቲስቲክስ፣ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ከጎደለሽ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በማታ መውሰድ ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን የምታመለክቺበት ትምህርት ቤት እንደሚቀበለው ጠይቂ። እስከዚያው አንድ የፔልቪክ ክሊኒክ ደውለሽ ሥራቸውን ቁጭ ብለሽ እንድታዪ ፈቃድ ለምኚ። ብዙ ትምህርት ቤቶች እነዚህን የምልከታ ሰዓታት ይጠይቃሉ፤ ያንን ምርመራ ቀኑን ሙሉ መሥራት ትችዪ እንደሆነም ገንዘብ ሳትከፍዪ ታውቂዋለሽ።