«እንኳን አብሮ አደረሰን» ለምን «አብረን» አልሆነም?

ጥያቄ፦ የምንኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። በየበዓሉ ጠዋት ልጆቻችንን ይዘን እናቴ ቤት እንሄዳለን። ልጆቹ ጉልበቷን ስመው «እንኳን አደረሰሽ» ይሏታል፤ እሷም «እንኳን አብሮ አደረሰን፣ የከርሞ ሰው ይበለን» ብላ ትመርቃቸዋለች። ዘንድሮ ትልቋ ልጄ «እኛ ብዙ ነን፤ ለምን አብረን አላለችም? ደግሞስ ያደረሰን ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መልስ አጣሁላት። ባለቤቴ በበኩሉ «ለአያት አደረሰሽ አይባልም፣ አደረስዎት በሉ» ይላቸዋል። ወንዱ ልጄ በስልክ የሚልከው መልእክት «እንኳን አደረሶት» የሚል ነው። እናቴ በእንቁጣጣሽ «ከማርቆስ ወደ ሉቃስ አሸጋገረን» የምትለውንም ማስረዳት አልቻልኩም። «መልካም በዓል» ማለትስ ትክክል ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ የልጅዎ ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማልና ከእሱ ልጀምር። አብዛኞቻችን ዕድሜያችንን ሙሉ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ስንል ኖረን «አብሮ» ለአንድ ወንድ የሚነገር ቃል መሆኑን ልብ አላልንም። ከአገር ርቃ የምታድግ ልጅ «እኛ» ሲሆን «አብረን» መባል እንዳለበት በጆሮዋ ካወቀች፣ እናንተ ቤት አማርኛ በደንብ እየተነገረ ነው ማለት ነው። በጣም ደስ ብሎኛል።

«አብሮ» የሰዋስው ሊቃውንት ቦዝ አንቀጽ ከሚሉት ወገን ነው። ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ዐረፍተ ነገር አይዘጋም፤ ማሰሪያ አንቀጽ፣ ማለትም ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋ ግስ፣ ይፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜም የሁለቱ ባለቤት፣ ማለትም ድርጊቱን የሚፈጽመው፣ አንድ ነው፤ «በልቼ መጣሁ» ሲባል የበላሁትም የመጣሁትም እኔ ነኝ፣ «በልታ መጣች» ሲባል የበላችውም የመጣችውም እሷ ናት። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «የደረሰው ስንት ሰው ነው?» ሳይሆን «የማሰሪያ አንቀጹ ባለቤት ማን ነው?» የሚለው ነው። «አደረሰን» በሚለው ቃል ውስጥ እኛ ያለነው መጨረሻው ላይ፣ በ«ን» ነው፤ ይህች «ን» ደግሞ ተሳቢ (ድርጊቱ የሚደርስበት) እንጂ ባለቤት አይደለችም። ድርጊቱን የፈጸመው «እሱ» ነው። «አብሮ» ከ«እሱ» ጋር ተስማማ እንጂ ከእኛ ጋር አልተጣላም። ባለቤቱ ሴት ቢሆን ኖሮ ቃሉም ይለወጥ ነበር፤ «አስተማሪዋ ልጆቹን አብራ አመጣቻቸው» እንደምንለው።

ልጅዎ «አብረን» ማለት ከፈለገች ማሰሪያውን መለወጥ ይኖርባታል፤ «እንኳን አብረን ደረስን» ብትል ሰዋስው አይከለክላትም፣ ደራሾቹ እኛው ነንና። «እንኳን አብረን አደረሰን» ግን ሁለቱን ያደባልቃል፤ አይሆንም። እኔ ብጠየቅ ግን አያቷ የምትለውን ትያዝ እላለሁ። «ደረስን» ሲባል መንገዱን በራሳችን ጉልበት የጨረስነው ይመስላል። «አደረሰን» ያለ ሰው ግን ዓመቱን በሕይወት መጨረስ በእጁ እንዳልነበረ ያውቃል።

ታዲያ «እሱ» ማን ነው? ፈጣሪ ነው። አማርኛ በምርቃትና በሰላምታ ጊዜ ስሙን ሳይጠራ ማለፍ ልማዱ ነው። «ይስጥልኝ» ስንል የሚሰጠው ማን እንደሆነ አንናገርም። «ይማርህ»፣ «ያኑርህ»፣ «ያጽናችሁ»፣ «ነፍስ ይማር» ሁሉም እንደዚሁ ናቸው። ስሙ ሲጠራ ግን ግሱ ተከትሎ ይስማማል፤ ለወለደች ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የምንለው ለዚህ ነው።

ስሙ አለመጠራቱ ሌላም በረከት አለው። አንዱ ሰላምታ ሁሉንም ቤት ይገባል። ሙስሊሙ ለመስቀል ክርስቲያን ጎረቤቱን «እንኳን አደረሳችሁ» ይለዋል፤ ክርስቲያኑም ለኢድ አልፈጥር፣ ለአረፋ፣ ለመውሊድ ያንኑ ይመልሳል። በእስራኤል ያሉ አማርኛ ተናጋሪዎችም ለስግድ «እንኳን አደረሳችሁ» ይባባላሉ። መልሱ በሁሉም ዘንድ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው። ልብ ይበሉ፣ መላሹ «ለአንተም» አላለም፤ «እንኳን አደረሰህ» ያለውንና የተባለውን በአንዲት «ን» አንድ ላይ አደረጋቸው። በዓሉ የራሱ ያልሆነ ጎረቤት እንኳ በዚያች «ን» ውስጥ አለ።

በነገራችን ላይ፣ የዕለት ንግግራችን አቅጣጫው ሌላ ነው። «ገና ደረሰ፣ ዶሮ እንኳ አልገዛንም» ስንል የሚመጣው በዓሉ ነው፤ እኛ ባለንበት ነን። በሰላምታው ግን በዓሉ ቦታው ላይ ይቆማል፣ ተጓዦቹ እኛ እንሆናለን። «ለበዓሉ አደረሰን» ማለት እዚያ ድረስ አመጣን ማለት ነው። ለዚህም ነው «በሰላም» የምትለው ቃል መካከል የምትገባው፤ መንገደኛም «በሰላም ገባህ?» ተብሎ ነው የሚጠየቀው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይከተላል። «አደረሰ» ያለፈ ድርጊት ነው። ገና ያልደረሰን ሰው «አደረሰህ» ማለት አይቻልም፤ «ያድርስህ» ነው የሚባለው። አሁን አሁን በዓሉ ሦስትና አራት ቀን ሲቀረው «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል መልእክት ስልካችን ላይ ይከመራል። ላኪዎቹ በቅንነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም በዋዜማውና ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት የሚገባው «በሰላም ያድርሳችሁ» ነው። አባቶቻችን በዚህ ይጠነቀቃሉ፤ ያልነጋን ቀን እንደነጋ አድርገው አይናገሩም። እርጉዝ ሴት «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ትባላለች፣ ስትወልድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች። ማንም ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አያስቀድምም። በበዓልም ሥርዓቱ ያው ነው።

ወደ ባለቤትዎ ልለፍ። እሳቸው የሚሉት እሳቸው ባደጉበት ቤት ትክክል ነው፤ እናንተ ቤት ግን ሕግ የሚሆነው ልጆቹ አያታቸውን በሌላው ቀን የሚጠሩበት ነው። አያቱን ዓመቱን ሙሉ «አንቺ» ሲል የኖረ ልጅ ለበዓል «አደረሰሽ» ቢል አክብሮት አላጎደለም፤ በብዙ ቤት «አንቺ» የቅርበት ቃል ነው። በሌላው ቤት «እርስዎ»፣ በአንዳንድ አካባቢም «አንቱ» ካልተባለ ነውር ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለባቸው አያትየዋ ናቸው። በ«አንቺ» ከተስማሙ በ«አንቺ» ይቀጥል፤ ጉልበት መሳሙ ራሱ አክብሮቱን ተናግሯል። አማት ዘንድ ሲኬድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ «እርስዎ» ይሻላል።

የወንዱ ልጅዎ «አደረሶት» መታረም አለበት። ቃሉ «አደረሰ» እና «ዎት» ናቸው፤ ሲጻፍ «አደረሰዎት» ወይም «አደረሰዎ» ይሆናል። በፍጥነት ስንናገር «ሰ» እና «ዎ» ይጣበቁና «ሶ» ይመስላሉ፤ ጆሮ የሰማውን እጅ ጻፈው። ባለቤትዎ የሚሉት «አደረስዎት»ም በብዙዎች አንደበት ያለ ነው፤ ስሕተት ብዬ አልጥለውም። እኔ ግን «ሰ»ን ሳልቀንስ «አደረሰዎ» ብዬ መጻፍን እመርጣለሁ። የ«እሱ» ምልክት ያለው እዚያች ፊደል ላይ ነው፤ «ስ» ስትሆን ያደረሰው ማን እንደሆነ የሚያሳየው ድምፅ ይጠፋል። እግረ መንገዳችንን «በአል» ሳይሆን «በዓል» ብሎ ይጻፍ።

አንድ መልእክት ጽፎ ለአምሳ ሰው መላክ ከመጣ ወዲህ «እንኳን አደረሳችሁ» ለአንዲት እናትም ለብቻዋ ይደርሳታል። ቤተሰቧን ሁሉ ይጨምራል ከተባለ ያስኬዳል። ነገር ግን አማርኛ ለዚህ ያማረ መንገድ አለው፦ «እንኳን ከነቤተሰብዎ በሰላም አደረሰዎ»፣ «እንኳን ከነልጆችሽ አደረሰሽ»። ሰውየውም ለብቻው ተጠራ፣ ቤቱም አልቀረ። በአካል ለሌለ ሰው ደግሞ «እንኳን አደረሳቸው በይልኝ» ይባላል። እናትዎ ከሜሪላንድ ወደ አገር ቤት ሲደውሉ ልጆቹ አጠገባቸው ተቀምጠው ያድምጡ። ስልኩ እዚያ ማዶ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ለታናሽ ወንድም «አደረሰህ»፣ ለምራት «አደረሰሽ»፣ ለታላቅ እኅት «አደረሰዎ»፣ ለተኙት አዛውንት «አደረሳቸው በሉልኝ»፣ መጨረሻ ላይ ለሁሉም «አደረሳችሁ» ይባላል። በአንድ ጥሪ ብዙዎቹ የተሳቢ ቅጥያዎች ይወጣሉ፤ እኔ በክፍል ውስጥ በሰሌዳ ላይ ጽፌ ከማስተምረው ይልቅ ይህ ይገባቸዋል።

«መልካም በዓል» ንጹሕ አማርኛ ነው፤ «መልካም ጉዞ»፣ «መልካም ዕድል» እንደምንለው። ለፖስተር፣ ለሱቅ በር፣ ለማናውቀው ሰው ይሆናል። ጉድለቱ ለማን እንደተባለ አለመናገሩ ነው፤ ወንዱን ከሴቷ፣ ልጁን ከአዛውንቱ አይለይም፣ እንደ «አብሮ አደረሰን» ያለ መልስም አይጠራም። ለአያት ጉልበት ተስሞ የሚባል አይደለም። ሐዘን ያለበት ቤት ስንገባ ግን አይጠቅመንም፤ ያ ቤት በመጀመሪያው በዓል «እንኳን አደረሳችሁ» ለመባልም ይከብዳል፣ አብሮ ያልደረሰ ሰው አለና። «ያጽናችሁ» ብሎ አብሮ መቀመጥ ይበቃል።

«የከርሞ ሰው ይበለን» የሚለውን ልጆቹ ሳያልፉ አይቀሩም፤ ይንገሯቸው። «ከርሞ» የሚመጣው ዓመት ነው፤ «ከረመ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፣ «ክረምት»ም ከዚያው። በአገራችን ዓመት የሚቆጠረው ክረምትን በማለፍ ነውና የከርሞ ሰው ማለት መጪውን ክረምት አልፎ ዳግም የሚገኝ ሰው ነው። «እንኳን አደረሰን» ያለፈውን ያመሰግናል፣ «የከርሞ ሰው ይበለን» የሚመጣውን ይለምናል፤ እናትዎ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ማለታቸው ምርቃቱን ሙሉ አድርጎታል።

የማርቆስና የሉቃስ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዓመታቱ ለአራቱ ወንጌላውያን በየተራ ይሰጣሉ፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው፤ 1 ሲቀር ማቴዎስ፣ 2 ሲቀር ማርቆስ፣ 3 ሲቀር ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። 2018 ላይ 5500 ሲደመር 7518 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 2 ይቀራል፤ ማርቆስ ነው። ሰዋስዉም ከላይ ካየነው አይለይም፤ «አሸጋገረን» ውስጥም አድራጊው «እሱ»፣ ተሻጋሪዎቹ እኛ ነን። ስለዚህ ልጆቹ በመስከረም 1 ቀን 2019 ዓ.ም. አያታቸውን «እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገረሽ» ይበሏት፤ «እርስዎ» ከተባለ «አሸጋገረዎ»። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን፣ ለ2020 «ወደ ዘመነ ዮሐንስ አሸጋገረሽ» ለማለት አንድ ቀን ተጨማሪ ይጠብቃሉ።