አልበም ልትሠሩ ለተነሳችሁ የሐዋሳ ልጆች

ጤና ይስጥልኝ ልጆች። ግጥሙንም ዜማውንም ራሳችሁ ሠርታችሁ ራሳችሁ የምትዘፍኑ በርክታችኋል፤ ደስ ይለኛል። በእኛ ጊዜ ግጥሙ ከአንዱ፣ ዜማው ከሌላው ይመጣና ዘፋኙ ድምፁን ብቻ ይዞ ከተፍ ይል ነበር። ዕድሜዬን ኪቦርድ ስነካና ዘፈን ሳቀናብር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የምላችሁም ከዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁትን ነው።

«ጋሼ፣ ሞቅ ያለ ቢት ይሥሩልኝ፤ ግጥሙን በኋላ እሞላዋለሁ» ትሉኛላችሁ። አይሆንም። መጀመሪያ ዘፈኑን በክራር ወይም በጊታር ብቻ ስልካችሁ ላይ ቅረጹት። ከበሮ የለ፣ ባስ የለ፣ ድምፅ ማሳመሪያ የለ። ሁለተኛው አዝማች ሳይደርስ እናንተኑ ከሰለቻችሁ ቅንብር አያድነውም። ካሳ ተሰማና አስናቀች ወርቁ እኮ በክራር ብቻ ነው ሰውን ቁጭ አድርገው ያስደመጡት። የችክችካ ምቱን ማንም አቀናባሪ በአንድ ከሰዓት ይደረድርላችኋል። እኔም እደረድራለሁ፤ ሒሳቤን እስከከፈላችሁ ድረስ።

ግጥሙ ላይ ቆየት እንበል። የከተማ ልጆች ሆናችሁ ሳለ ለምንድነው ዘፈናችሁ ጋራ ሸንተረር ብቻ የሚሆነው? በጠዋት አሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል ውረዱ። ልጆቹ የአሣውን ቆዳ ሲገፍፉት፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍ ከኋላ ቆሞ ሆድ ዕቃውን ሲጠብቅ፣ አንዱ ጥሬውን በዳጣ ሲያጣጥም እዩ። ከዚያ አንዷን ነገር ብቻ መርጣችሁ ጻፉ። አንዲት ልጅ ባጃጅ ውስጥ ተጣብቆ ስለ መቀመጥ የጻፈችውን አምጥታልኝ ነበር። «ፍቅር» የሚል ቃል የለበትም፤ ግን ከሰማኋቸው የፍቅር ግጥሞች ሁሉ ይበልጥብኛል።

የግጥሙን ልክም እወቁት። የወል ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት ስንኙ 6 እና 6 ቀለም (ሲነበብ የሚቆጠር ድምፅ) ነው፤ ሰንጎ መገን 5 እና 5። መስበር መብታችሁ ነው። ሳታውቁት ከሰበራችሁት ግን ዜማው ቃሉን እየጎተተ ያበላሸዋል፤ አድማጭም «ምን አለ?» ይላል።

ክራር ይዛችሁ መድረክ የምትወጡ ደግሞ ይህን ከወዲሁ አስቡበት። ባለ 6 አውታሩ ክራር የሚቃኘው ለአንድ ቅኝት ነው። ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ቅኝት ስትሻገሩ አውታር ማላላትና ማጥበቅ አለ። ስቱዲዮ ውስጥ ችግር የለውም። መድረክ ላይ ግን ሰው እያያችሁ ስትቃኙ ሞቅታው ይበርዳል። ስለዚህ አንድ ቅኝት ያላቸውን ዘፈኖች አከታትሉ፤ አቅም ካለ ሁለተኛ ክራር ተቃኝቶ ይጠብቃችሁ።

የሕዝብ ዜማ ላይ ኮስተር እላለሁ። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጨምበላላ፣ በዓሉ በሚከበርበት ጉዱማሌ ላይ የሚወርደውን ቄጣላ የተባለ የኅብረት ዜማና ጭፈራ በስልክ ቀድቶ፣ ቆርጦ፣ ቢት ሥር መወሸቅ ቀላል ነው። በዓሉን ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. ስለመዘገበው የማንም ሆኗል ማለት አይደለም። ሲዳምኛ የሚያውቅ አባት ዘንድ ቁጭ ብላችሁ «እዚህ ላይ ምን እያሉ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለጭፈራ የማይሆን ነገር ሊኖርበት ይችላል። ከወሰዳችሁትም «ዜማ፦ የሲዳማ ሕዝብ» ብላችሁ ጻፉ እንጂ የራሳችሁን ስም አትለጥፉበት።

ስለ ወረቀት ብዙ አላወራም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የገቢ መብት በሕይወት እያለ፣ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ይሄን ያህል የሚቆይ ነገር «ጓደኛዬ ነው» ተብሎ በአፍ አይጨረስም። ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን፣ የዩቲዩቡ ገቢ ለማን እንደሆነ አንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ከቀረጻ በፊት ተፈራረሙ። ከእኔም ጋር ቢሆን። ጋሼ ነው ብላችሁ እንዳታፍሩኝ።